ቺዙ ያልቀለጠበት ጠዋት

[ዋዮሚንግ። ከብት ከሚግጥበት ሜዳ ሥር፣ የኑክሌር ሚሳኤል ማዘዣ ጉድጓድ። ሻምበል ፕሬንቲስ የሳተላይት መገናኛ መሣሪያው ፊት ይንጎራደዳሉ። መቶ አለቃ ዱገን የቺዝ ሳንድዊቹን መሣሪያው ላይ አስቀምጧል።]

ፕሬንቲስ፦ አንሳው አልኩህ። ይሄ የሳተላይት መሣሪያ እንጂ ምድጃ አይደለም።

ዱገን፦ [እያነሳ] ሁልጊዜ እዚሁ ነው የማሞቀው ሻምበል። ዛሬ ግን ቺዙ ድርቅ ብሎ ቀረ።

ፕሬንቲስ፦ ዘመናዊ ሆኗላ። ትናንት አሻሽለውት ሄደዋል። የተሻሻለ ዕቃ አይሞቅም።

ዱገን፦ ድምፁም ጠፍቷል።

ፕሬንቲስ፦ አየህ፣ ያልገባው ሰው ዕቃ ዝም ሲል ተበላሸ ይላል። ለእኔ ግን ዝምታው ራሱ ብቃት ነው። ዓለም ቢቃጠል እንኳ ይሄ መስመር አይቆረጥም።

ዱገን፦ ዓለም ከተቃጠለ ማን ይደውልልናል?

ፕሬንቲስ፦ ጄኔራሉ።

ዱገን፦ እሳቸው አይቃጠሉም?

ፕሬንቲስ፦ እሳቸው ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። አሁን አፍህን ዘግተህ ጠብቅ። ዛሬ ፈተና ነው። ከሰማይ ጥሪ ሲመጣ ቶሎ ከመለስን ኦማሃ፣ ዋናው መምሪያ ያዛውሩኛል። ዕድሜዬን እዚህ ጨረስኩት እኮ! ልጄ እንኳ ሥራዬን ሲጠይቋት ‹‹አባቴ ፍልፈል ነው›› ትላለች።

[ግድግዳው ላይ ያለው አሮጌ ስልክ ይጮሃል።]

ዱገን፦ ላንሳው?

ፕሬንቲስ፦ እንዳትነካው። ይሄ ቅርስ ይነቀል ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሊያዘናጉን ነው። ከእንግዲህ ትእዛዝ የሚመጣው ከሰማይ ነው።

ዱገን፦ አጥብቀው ነው የሚደውሉት።

ፕሬንቲስ፦ አንተም አጥብቀህ ዝም በል።

[ስልኩ አያቋርጥም። ሻምበል ጀርባቸውን ሰጥተው መሣሪያው ላይ ሲያፈጡ ዱገን ያነሳዋል።]

ዱገን፦ አቤት ጌታዬ... አዎ፣ መሣሪያው ሞቷል... ቁርስ ላይ ነው የጠረጠርኩት፤ ቺዙ አልቀለጠም... እሳቸው? አሉ። ዝምታው ብቃት መሆኑን እያስረዱኝ ነው... እሺ ጌታዬ። [ይዘጋል።]

ፕሬንቲስ፦ ማን ነው?

ዱገን፦ ኦማሃ። ሳተላይቱን ከጠዋት ጀምሮ ሆን ብለው ዘግተውታል። ፈተናው፣ መስመሩ መሞቱን ማን ያውቃል፣ በአሮጌው ስልክስ ማን ይመልሳል የሚል ነው።

ፕሬንቲስ፦ [ድምፃቸው ሰለል ብሎ] እና... አለፍን?

ዱገን፦ ሻንጣህን አዘጋጅ ብለውኛል።

ፕሬንቲስ፦ እኔስ?

ዱገን፦ እርስዎ እዚሁ ነዎት። [ሳንድዊቹን በጥንቃቄ መሣሪያው ላይ ይመልሰዋል።] ይሄን ትቼልዎታለሁ ሻምበል። ቺዙ ሲቀልጥ፣ ሰማዩ ተከፍቷል ማለት ነው።