ካርዱም አልገባ፣ እኔም አልገባኝ

ባል ከመምረጥ ካርድ መምረጥ ይከብዳል!

አዎ፣ ብያለሁ። አትሳቁ። ባል አልገጥም ቢል ሽማግሌ አለ። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች መጥተው፣ "አንተም ተው፣ አንቺም ተይ" እያሉ ገፋ ገፋ አድርገው ያስገቡታል። እምቢ ካለ የንስሐ አባት ይጨመራሉ። የቀረውን ኑሮ ራሱ ሞርዶ ሞርዶ ያስተካክለዋል። ካርድ ግን... ካርድ ሽማግሌ አያውቅም! ስንጥር ታህል ከወፈረ ወፈረ ነው። አይገባም ካለ አይገባም!

"የምን ካርድ?" ትሉኝ ይሆናል። የምርጫ ካርድ መስሏችሁ ጆሮ ያቆማችሁ ካላችሁ አዝናለሁ። እሱስ የሚገባበት ሳጥን ቀድሞም የታወቀ ነው። እኔ የማወራችሁ ስለ ገመድ አልባ ካርድ ነው። እህ... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ያኔ ሥራዬ መንዝ ነበር፤ ዘመሮ ከተማ። ሞባይል ስልክ ገና እኛ ጋ ያልወጣበት፣ መብራትም ደስ ሲለው ብቻ ብቅ የሚልበት ዘመን። የሥራ መጠሪያዬ ደብዳቤ ላይ ሲጻፍ አንድ መስመር ተኩል ይፈጅ ነበር፤ ገበሬው ግን "የበግ ሐኪሟ" ብሎ ገላገለኝ። ሐኪም እንኳ አልነበርኩም። የገበሬውን ጠቦቶች በየወሩ እየመዘንኩ እመዘግባለሁ። ከሁሉ በልጦ ያደገው ጠቦት ይመረጥና ለአካባቢው ሁሉ አውራ ይሆናል። በአጭሩ፣ ለበግ ባል መራጭ ነበርኩ ማለት ነው።

አንድ ቀን አለቃዬ አቶ መክብብ ከደብረ ብርሃን መጡና መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት ቀርቷል!" አሉ፣ ወረቀት የገደለባቸው ዘመድ ያለ ይመስል። "ሁሉንም እዚህች ላይ ትመዘግቢያለሽ።"

መዘገብኩ። ስምንት ወር ሙሉ በዝናብም በውርጭም መዘገብኩ። ታዲያ በስምንተኛው ወር አንዲት እናት በግ፣ ልጇን ሚዛን ላይ ስሰቅልባት ጊዜ ተቆጥታ ዘለለችና መሬት ያስቀመጥኳትን ማሽን በኮቴዋ አፈር ድሜ አበላችልኝ። ሙሉ በሙሉ አልተሰበረችም። መረጃ በገመድ የሚወጣበት የታችኛው አፏ ብቻ ነው የተጨፈለቀው። ኃይል የምትሞላበት ቀዳዳ ደህና ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በልታ መጥገብ ትችላለች፣ መናገር ግን አትችልም! የስምንት ወር ምዝገባዬ ሆዷ ውስጥ ታስሮ ቀረ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ጠባይዋ ነው። ባትሪዋ ተሟጦ ካለቀ የምታውቀውን ሁሉ ትረሳለች። ካልበላች ፋይልሽን የት እንዳደረገችው የማታስታውስ የቢሮ ሰው አታውቁም? እንደዚያ ናት። ስለዚህ በሁለት ቀን አንዴ መቀለብ አለባት። መብራት ሲጠፋ የምቀልባት ከባለቤቴ አውቶቡስ ላይ ነበር። ባለቤቴ ተክሌ ሾፌር ነው። ብርዱ ባትሪዋን እንዳይጨርስባት ደግሞ በመቀነቴ ሆዴ ላይ አስሬያት እዞራለሁ። በከተማው፣ "የበግ ሐኪሟ ጸነሰች" ተባለ። አማቴ ገንፎ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ገንፎውን በላሁት፤ ምን ላድርግ?

ወደ ቴሌፎን ጣቢያው ሄጄ ለአቶ መክብብ ደወልኩ። የዘመሮ ስልክ እንደዛሬው ሚስጥር አይደለም። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ አብሮ ይሰማል፣ ሲያሻውም አስተያየት ይሰጣል።

"አናቷ ላይ ቀዳዳ አላት አይደል?" አሉኝ አለቃዬ። "ገመድ አልባ ካርድ ገዝተሽ እዚያ ሰክተሽ እኔ ጋ አምጫት። መረጃው በአየር ወደኔ ላፕቶፕ ያልፋል።"

"ገመድ አልባ?" ብዬ ጮህኩ።

ከወረፋው ውስጥ ጋሽ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጠቦቶቻቸውን ከምመዝንላቸው ገበሬዎች አንዱ ናቸው። "ልጄ ሙሉ፣ ገመድ የሌለው በግ የቀበሮ ነው። ባለገመዱ ይሻልሻል" አሉኝ።

ሰማኋቸው? አልሰማኋቸውም።

በዚያው ሳምንት ተክሌ ለአውቶቡሱ መለዋወጫ ሊገዛ አዲስ አበባ ይወርድ ነበር። "ለእጅ ኮምፒውተር የሚገባ ገመድ አልባ ካርድ በላቸው" ብዬ ላክሁት። በሦስተኛው ቀን ደረቱን ነፍቶ መጣና አንድ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ካርዱ ከማሽኗ ቀዳዳ በሁለት ጣት ይሰፋል!

"ተክሌ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ካርድ ነዋ!"

"አይገባም እኮ!"

"ስሚኝ። ባለሱቁ ትንሽም ትልቅም አለ፣ ዋጋው ያው ነው አለኝ። ታዲያ ዋጋው ያው ከሆነ ለምን ትንሹን እገዛለሁ? ለልጅ ጫማ ስትገዢ ሰፋ አድርገሽ አይደል እንዴ? ታድግበታለች!"

"ማን ናት የምታድገው?"

"ኮምፒውተሯ!"

ለካ ያመጣው የትልቁን ላፕቶፕ ካርድ ነው። እኔ ራሴን ይዤ ስቀመጥ እሱ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሞረድ ይዞ ብቅ አለ። "ጎንና ጎኑን ትንሽ ላንሳለት?" ሲለኝ ሞረዱን ከእጁ ነጥቄ ዱቄት ዕቃው ውስጥ ደበቅሁት።

ተመልሼ ለአለቃዬ ደወልኩ። በዚያ ቀን ነፋሱ ከስልኩ ሽቦ ጋር ጠብ ይዞ ኖሮ ከሦስት ቃል ሁለቱ ይጠፋል።

"ሲ... ኤፍ... የሚባለውን የካርድ ዓይነት ግዢ!"

"ምን?"

"ሲ ኤፍ! 'ሲ' እንደ ሲሳይ! 'ኤፍ' እንደ ኤፍሬም!"

ወረፋው በሙሉ ተቀበለኝ። "ሲሳይና ኤፍሬም ነው የሚሉሽ!" "ሲሳይ የትኛው? የግምጃ ቤቱ ነው?" "ኤፍሬምማ ወደ ዓለም ከተማ ተዛውሯል!"

በወረቀት ጽፌ ለተክሌ ሰጠሁት። ወረቀቱን መንገድ ላይ ጣለው፤ ስሞቹን ግን አልጣላቸውም። አዲስ አበባ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ "ሲሳይንና ኤፍሬምን ፈልጌ ነበር" አለ። ባለሱቁ እዚህ እንደዚያ የሚባል ሠራተኛ የለም አለው። ተክሌ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም፤ "እንግዲያው ካለህ ካርድ ሁሉ ትንሹን ስጠኝ። ባለፈው በትልቁ ተዋርጃለሁ" አለና የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ካርድ ይዞልኝ መጣ።

ማሽኗ ለካ ጎኗ ላይ ሌላ ጠባብ ቀዳዳ ነበራት። ካርዷ እዚያ "ቀጭ!" ብላ ገባች። እልል አልኩ! ተክሌን ሳምኩት! ከዚያ መስኮቷ ላይ ጽሑፍ መጣ፤ ካርዱ ባዶ ነው ይላል። ገመድ አልባም ምንም አይደለም፣ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። መንገድ ስጠብቅ ጎተራ መጣልኝ!

"ገባ አይደል እንዴ?" አለ ተክሌ ተከፍቶ። "የሚገባ አምጣ አልሽ፣ የሚገባ አመጣሁ።"

"ገባ ማለት ሠራ ማለት ነው?"

"እሱን አስቀድመሽ አልነገርሽኝማ!"

እንዲህ እንዲህ ስንል ሁዳዴው አለቀ፤ ፋሲካም መጥቶ አለፈ። በገበያ ቀን ጋሽ ሽፈራው ባገኙኝ ቁጥር፣ "በጎቻችን ከሳጥኑ ወጡ ወይ?" ይሉኛል። "ትንሽ ይታገሡ" እላለሁ። ይባስ ብሎ ራቤል ከተማ የምትሠራው ባልደረባዬ ማሽን ስላልደረሳት ሁሉን በደብተር ጽፋ፣ ደምራ ቀንሳ፣ አውራዋን መርጣ ከጨረሰች ሁለት ወር ሆኗታል አሉ። "ምስኪን፣ ኋላ ቀር ሆና ቀረች" አልኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ብያለሁ።

በመጨረሻ፣ "የላኩት አይበቃም፣ የሄዱት ይበልጣል" ብዬ ማሽኗን በመቀነቴ አስሬ ከተክሌ ጋር አዲስ አበባ ወረድኩ። አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ገባን። ባለቤቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ጠና ያለች ሴት ናት። ከመቀነቴ ውስጥ ማሽን ሳወጣ ስታይ ምንም አላለችም፤ ብዙ ያየች ሰው መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው። ማሽኗን ተቀብላ ጉሮሮው እንደታመመ ሕፃን ወደ ብርሃን አዞረቻትና አናቷን አየች። ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ካርድ ይዛ ተመለሰች። ሰካችው። ገባ! ያለ ሞረድ፣ ያለ ሽማግሌ!

"ገብቷል" አለች። "አሁን የቀረው ድራይቨር ብቻ ነው።"

ተክሌ ኮሌታውን አስተካክሎ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። "አለሁ" አለ።

"ምን አልክ ወንድሜ?"

"ሾፌር ነኝ። መንጃ ፈቃዴን ላሳይሽ?"

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። ድራይቨር ማለት ማሽኗንና ካርዱን የሚያግባባ፣ እንደ አስተርጓሚ ያለ ፕሮግራም መሆኑን አስረዳችን። ተክሌ መንጃ ፈቃዱን ወደ ኪሱ መለሰ። "እንግዲህ ፕሮግራሙን በገመድ እንዳልጭነው የታችኛው አፏ ተሰብሯል። ትንሿ ቀዳዳ ውስጥ የምትገባ ማስቀመጫ ካርድ የለሽም?" ስትለኝ ያቺን ጥፍር የምታህል ካርድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ፕሮግራሙን በእሷ ላይ አድርጋ አስገባችው። አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ ስታደርግ አናቷ ላይ የተሰካው ካርድ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለ። ሱቁ ውስጥ እልልታዬን አቀለጥኩት።

ሴትዮዋ ግን ትንሿን ካርድ በጣቷ ይዛ ታስብ ነበር። "የኔ እህት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ይቺ ካርድ በእጅሽ ከነበረች... መረጃሽን ሁሉ እዚህች ላይ ገልብጠሽ፣ እሷን ብቻ በፖስታ አድርገሽ ለአለቃሽ አትልኪም ነበር?"

ካርዷን አየሁ፤ ማሽኗን አየሁ። ተክሌ ግን ቀስ ብሎ ፈገግ ማለት ጀመረ... ፈገግታው ከአንዱ ጆሮው ተነስቶ ሌላው ጆሮው እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ።

"ይቺን ካርድ ማነው ያመጣት?" አለ።

"ተክሌ፣ ተው።"

"አይ፣ ዝም ብዬ ነው። ማነው ያመጣት?"

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን እስክንገባ፣ ካርዷን ለማያውቃቸው ተሳፋሪዎች እያሳየ፣ "ይቺን ማን ያመጣት ይመስላችኋል?" ሲል መጣ። አንድ መነኩሴ ብቻ፣ "እግዚአብሔር ነው ልጄ" ብለው አሳፈሩልኝ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ አቶ መክብብ በትንሿ ካርድ መላክ እንደሚቻል ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ሪፖርታቸው ላይ "በገመድ አልባ" ተብሎ አስቀድሞ ተጽፏል! ስለዚህ የቢሮው ሰው ሁሉ ተጠራ። ንግግር ተደረገ። ማሽኗና ላፕቶፑ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ስንዝር። የስምንት ወር ልፋቴ ያቺን አንድ ስንዝር በአየር ተሻገረ። አንድ ጭብጥ ቆሎ እስኪቆረጠም እንኳ አልፈጀም። ጭብጨባው ግን ቆየ።

አቶ መክብብ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ሲያዩ ዓይናቸው አንድ ቦታ ቀረ። "ሙሉ፣ ነይ እዪ! ቁጥር አርባ ሰባት! እንዲህ ያለ ዕድገት አይቼ አላውቅም። ይህ ጠቦት የአካባቢውን በግ ዘር ይለውጠዋል!" መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። እውነቴን ነው፤ እኔም አለቀስኩ። ያ ሁሉ ውርጭ፣ ያ ሁሉ ካርድ ከንቱ አልቀረም ማለት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገበሬው ቀበሌው ግቢ ተሰበሰበ። ማሽኗን ከፍ አድርጌ ያዝኩና፣ "አንደኛ የወጣው፣ ቁጥር አርባ ሰባት! የጋሽ ሽፈራው ጠቦት!" አልኩ። ጭብጨባ ሆነ። ጋሽ ሽፈራው ግን አልተነሱም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

"ጋሽ ሽፈራው፣ እንኳን ደስ አለዎ! በሉ ያምጡትና ሰው ይየው።"

"ማንን?"

"አርባ ሰባትን ነዋ!"

"ልጄ ሙሉ... ውጤቱ ሳይታወቅ በግ እንዳትሸጡ ብለሽን አልነበር?"

"ሸጡት እንዴ?!"

"ወግጅልኝ! እኔ ሽፈራው ቃሌን የምበላ ሰው ነኝ? አልሸጥኩም።"

"ተመስገን! ታዲያ የታለ?"

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ። "እንግዲህ ፋሲካ መጣ..." አሉ። "ቃሌንስ አልበላሁም። በጉን ነው የበላሁት።"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ተክሌማ የቀበሌውን አጥር ተደግፎ ተንፈራፈረ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ምን ላድርግ? ሥራ ሥራ ነው። ማሽኗን ከፍቼ የቁጥር አርባ ሰባትን መዝገብ አወጣሁ። "አሁን ያለበት ሁኔታ" የሚል ቦታ አለው፣ አንዱን መምረጥ ነው። ታመመ፣ ተሸጠ፣ ጠፋ፣ ሞተ ይላል። ደጋግሜ አየሁት። "ተበላ" የሚል የለም።

ጋሽ ሽፈራው መጥተው በትከሻዬ አሻግረው ማሽኗን ተመለከቱ።

"ምን ቸገረሽ ልጄ?"

"ምን ብዬ ልጻፍ ጋሼ? የሚሆን ቃል አጣሁለት።"

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣

"'ጣፈጠ' በይና ጻፊ" አሉኝ።