ሳልጨርሰው ያፌዝኩበት ጌም

ጀመዓ! ዛሬ ጠዋት ሐይቅ ውስጥ ወድቄያለሁ። ከነጫማዬ። ላይቭ ላይ።

ያያችሁ አይታችኋል። ያላያችሁ ደግሞ አትልፉ፣ ቪዲዮው ራሱ ፈልጎ ያገኛችኋል። ደሴ ያለችው አክስቴ እንኳ ደውላ «ለመሆኑ ዋና ትችላለህ?» ብላኛለች።

አልችልም!

ውሃው ግን ጉልበቴ ድረስ ነበር። እኔ ደግሞ «ሰጠምኩ!» እያልኩ ነበር።

ይሄ ቀላሉ ነው። አሁን የምነግራችሁን ለመጻፍ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ አጥፍቻለሁ።

ለአዲስ ፎሎወሮች፦ ሰይድ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ ነው የምኖረው። የስልክ ጌም እየተጫወትኩ እገመግማለሁ። «እየተጫወትኩ» እላለሁ እንጂ... ቆይ፣ ትደርሱበታላችሁ።

ከሁለት ወር በፊት ፎዚያ የምትባል ልጅ መልእክት ላከችልኝ። የከተማችን ልጅ ናት፣ ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች። ብቻዋን ጌም ሠርታለች። ስሙ «ጉም»።

«ሰይድ፣ እባክህ እስከ መጨረሻው ተጫወተውና ከዚያ የፈለግከውን በል» አለችኝ።

ስንት ደቂቃ የተጫወትኩት ይመስላችኋል?

አምስት። እሱንም ቁርሴን እየበላሁ።

ጌሙ እንዲህ ነው። ታንኳ ላይ ነህ። ሐይቁ በጉም ተሸፍኗል። ትቀዝፋለህ። ከጀርባ በአምባሰል ቅኝት ዋሽንት ይነፋል። ጠላት የለም፣ ጥይት የለም፣ ነጥብ የለም። ጉም፣ ውሃ፣ መቅዘፊያ፣ አለቀ። ትሬለሩ ላይ፣ ማለትም ማስታወቂያ ቪዲዮው ላይ ብቻ፣ መጨረሻው ላይ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። «ናአአ...» ይልና ይቆረጣል።

እኔስ ምን አልኩ?

«ይቺ ሴትዮ ፍየል ነው የጠፋባት?» አልኩ። ድምፁን እያስመሰልኩ «ናአአ... ሜኤኤ...» ብዬ ጮህኩ። አንድ ኮከብ ሰጠሁት። «እሷም ለጉሙ ናት» አልኩ።

ሰው በሳቅ ሞተ! ፎሎወሮቼ ተግተልትለው ሄዱና ሳይጫወቱት አንድ አንድ ኮከብ ደረደሩበት። ጌሙ ገና በእግሩ ሳይቆም ወደቀ።

ፎዚያ «ጨርሰኸው ነው ግን?» ብላ ጻፈችልኝ።

የሳቅ ኢሞጂ መለስኩላት።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ስደቡኝ፣ እጠብቃለሁ።

ከዚያ ወሬው መጣ።

መጀመሪያ የሰማሁት ከፀጉር አስተካካዬ ነው። ምላጩን አንገቴ ላይ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ «ያ የናቅከው ጌም እኮ ስም ይጠራል» አለኝ።

«የማንን ስም?»

«የኔን ጠርቷል። ወላሂ! መሀል ሐይቅ ስትደርስ ዋሽንቱ ቀጥ ይላል። ጭጭ። ከዚያ በስምህ ይጠራሃል።»

እጁ ይንቀጠቀጣል። ምላጩ አንገቴ ላይ ነው ጀመዓ!

ቀጥሎ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነገረኝ። ቀጥሎ የሰፈራችን ባለሱቅ። ሳምንት ሳይሞላ መናኸሪያው ሁሉ አንገቱን አቀርቅሮ ቀዛፊ ሆነ። አንድ ስልክ ላይ አምስት ሰው ጆሮውን ደቅኖ ይጠብቃል። ማንም አይስቅም። መኪና የሚጠብቅ ሰው ዝም ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን አየሁ። ደስ አይልም።

በቪዲዮ የገደልኩትን ጌም የሰው አፍ ከመቃብር አወጣው።

ቀናሁ፣ ምን ልደብቃችሁ። እኔ «አይረባም» ያልኩት ነገር ያለኔ ፈቃድ እንዴት ይወደዳል? ለባለሱቁ ማን ገምጋሚነት ሰጠው?

ስለዚህ ውሸቱን ላጋልጥ ተነሳሁ። እዚያው ሐይቁ ላይ፣ እዚያው ጉም ውስጥ፣ በላይቭ። «እስኪ እኔን ይጥራኝ!» ብዬ ፖስት አደረግኩ።

አንደበቴ!

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ታንኳቸው ላይ አሳፈሩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዓሣ ማጥመድ የኖሩ ሰው ናቸው። ምን ልሠራ እንደመጣሁ ስነግራቸው «ስልክ ለመጫወት ሐይቅ? የዘንድሮ ልጅ!» ብለው ሳቁ።

እኔ ፊቴን ወደ ታንኳዋ አፍንጫ አድርጌ ተቀመጥኩ፣ እሳቸው ከኋላዬ ይቀዝፋሉ። አንዱን ስልክ ለላይቭ ፊት ለፊቴ አሰርኩት። በሌላው «ጉም»ን ከፈትኩ።

ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ እጄን ስዘረጋ ጣቶቼ አይታዩኝም። የአምባሰል ተራሮች ጠፍተዋል። ከተማው ጠፍቷል። የማይጠፋው ሙአዚን እንኳ አይሰማም።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ደቂቃውን አለፍኩ።

አሥር። አሥራ አምስት። ቦጭረቅ የሚለው ውሃ የስልኩ ይሁን የጋሽ ደምሴ መቅዘፊያ መለየት አቃተኝ። ብርድ ገባኝ። ቀልድም አለቀብኝ። ላይቭ ላይ ቀልድ አልቆባችሁ ያውቃል? ከብርዱ ይብሳል።

ጋሽ ደምሴ መሀል ድረስ ወስደውኝ ታንኳዋን ወደ ዳር መልሰዋል። ከፊታችን የልብስ አጣቢዎች ድምፅ በስሱ ይሰማኝ ጀመር። ደረስን ብዬ ደስ ሲለኝ፣

ዋሽንቱ ቀጥ አለ።

ጭጭ።

«ሰይድ...»

የሴት ድምፅ ነው። ትሬለሩ ላይ ተቆርጦ የነበረው፣ አሁን ሙሉው።

«ሰይድየ... ናአአ...»

ጀመዓ፣ ጌሙ ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም! የትም አልጻፍኩም! ጌሙን ልዘጋው ጣቴን ሰደድኩ። ግን ላይቭ ላይ ነኝ፣ ገጽታ አለብኝ። አንድ ቀልድ ፈልጌ አፌን ልከፍት ስል፣

«አቤት።»

ከኋላዬ ነው። ቀስ ያለ። ከእንቅልፉ ገና የነቃ ሰው ድምፅ።

ዘልዬ ዞርኩ። ታንኳዋ ተናጠች፣ በእጄ የያዝኩት ስልክ ውሃ ውስጥ ወደቀ፣ እኔም ተከተልኩት።

«እማዬ! ሰጠምኩ! እማዬ!»

ልብስ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷ «ቁም እንጂ አንተ!» አለችኝ።

ቆምኩ። ጉልበቴ ድረስ።

ጋሽ ደምሴ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ ተናድጃለሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ቀልድ ይባላል? ሰው ይሞት ነበር እኮ!» አልኳቸው።

«አብሽር፣ አብሽር» አሉኝ፣ አሁንም እየሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ያቺን ድምፅ ግን አውቃታለሁ። ስልክህ ላይ ያለችውን። ዘሀራ ናት።»

«ማን ናት ዘሀራ?»

«የፎዚያ እናት። ባሏ ሰይድ ጓደኛዬ ነበር፣ አብረን ነበር መረብ የምንጥለው። አንድ ጠዋት እንዲህ ባለ ጉም ገባና ታንኳው ባዶውን ተመለሰ። እሱ አልተገኘም። ዘሀራ ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እዚህ ዳር ቆማ ስትጠራው ኖራለች። ልጅቷ ጥሪዋን ቀድታ ነው ስልኩ ውስጥ የከተተችው።»

ውሃው ውስጥ እንደቆምኩ ሁሉም ነገር ገባኝ።

ጌሙ ማንንም በስሙ አይጠራም። የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካዬ ሰይድ ነው። የባጃጁ ሹፌር ሰይድ ነው። ባለሱቁም ሰይድ! ሐይቅ ገበያ መሀል ቆማችሁ «ሰይድ!» ብትሉ ግማሹ ሰው ይዞራል። ወሬው ሲሰፋማ አህመዶቹም ተፈራዎቹም «እኔንም ጠርቶኛል» ማለት ጀመሩ። ማን ይቅርብኝ ይላል?

እኔ ደግሞ ያቺን ሴት ነው ፍየል የጠፋባት ያልኳት።

ልብሴን ሳልቀይር ጋሽ ደምሴን «ቤታቸውን ያሳዩኝ» አልኳቸው። በከተማው መሀል ውሃ እያንጠባጠብኩ አለፍኩ። ሰው ስልኩን አውጥቶ ቀረጸኝ። ይገባኛል።

በሩን የከፈተችው ፎዚያ ናት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ላይቩን አይቼዋለሁ» አለች። «ሁለተኛው ግምገማህ ከመጀመሪያው ይሻላል። ‹እማዬ› የምትለዋ።»

ለመሳቅ ሞከርኩ። እሷ አልሳቀችም።

እማማ ዘሀራ ከውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሽ ሴት ናቸው። ጎንበስ ብዬ «እማማ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅርታ። ሳላውቅ ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

«እናቴ ካንተ ቪዲዮ ወዲህ ሐይቁ ዳር ሄዳ አታውቅም» አለች ፎዚያ። «ስትጣራ የሰፈር ልጆች ሜኤ እያሉ ይከተሏት ጀመር። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ጠዋት ሳታጓድል የተጣራች ሴት አፏን ዘጋች።»

ያ ጉልበቴ ድረስ የነበረ ውሃ ምነው ባሰጠመኝ አልኩ በሆዴ።

ወሬ ልቀይር ብዬ «ጋሽ ደምሴ ግን ቀጥተውኛል» አልኩ። «ድምፅዎ ሲጣራ ከኋላዬ ሆነው ‹አቤት› ብለው ነው ያስደነገጡኝ።»

ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ እንደቆሙ ኮስተር አሉ። «እኔ?»

«እርስዎ።»

«አንተ አይደለህ እንዴ አቤት ያልከው?»

ተያየን።

«ጌሙ ላይ ይሆናል» አልኩ ወደ ፎዚያ ዞሬ።

«ጌሙ ላይ የእናቴ ድምፅ ብቻ ነው ያለው» አለች። «የአባቴ ድምፅ የለኝም። ተቀድቶ አያውቅም።»

የላይቩን ስልክ ተቀብላኝ ከፈተችው። አራታችን ጎንበስ ብለን አየን። ያው እኔ ነኝ፣ በብርድ የተኮማተርኩ። ከኋላዬ ጋሽ ደምሴ መቅዘፊያቸውን አንስተው፣ በጉሙ ውስጥ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። «ሰይድየ... ናአአ...»

«አቤት።»

የኔ አፍ ዝግ ነው።

የሳቸውም አፍ ዝግ ነው።

ከእኛ በስተኋላ ያለው ሐይቁ ብቻ ነው። ከስክሪኑ ግርጌ አንድ ሰው ኮሜንት ጽፏል፦ «ወንድሜ፣ ታንኳው ላይ ስንት ናችሁ?»

ጋሽ ደምሴ አማተቡ።

«ድገሚው» አሉ እማማ ዘሀራ። የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

ፎዚያ ደገመችው። 

«ድገሚው።»

ሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ልጅየ፣ የት ሆናችሁ ነው ስልኩ የጠራው?»

«መሀል ደርሰን ስንመለስ ነው እማማ፣ ገና ውሃው ላይ ሳለን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ዳር ቆሜ ነበር የምጣራ» አሉ፣ ለራሳቸው ነው። «ገብቼ አልጠራሁትም። ውሃ እፈራለሁ።»

አላለቀሱም። አልተቆጡኝም። ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ጫማቸውን አጠለቁ። በአጠገቤ ሲያልፉ እርጥብ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ልብስህን ቀይር፣ ይበርድሃል» አሉኝ።

እኔን! ፍየል ያልኳቸውን!

ቤቴ ገብቼ የድሮውን ቪዲዮ አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወደ ቤት ስመለስ እንኳ አንድ ሕፃን ሜኤ ሲል ሰምቻለሁ። ቆሜ «እኔ ነኝ ያስተማርኩህ፣ ተሳስቻለሁ፣ ተወው» አልኩት። እሱ ግን «ሰጠምኩ! እማዬ!» እያለ ሮጠ። ይሁን። የኔን ይበሉ።

«ጉም» ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ ነው። በኔ ግምገማ እንዳይመስላችሁ። ግማሹ ለጩኸቴ፣ ግማሹ ለ«አቤት» ነው የመጣው። «ኤዲት ነው» የምትሉ አላችሁ። ላይቭ እንዴት ኤዲት ይደረጋል? «የገደል ማሚቶ ነው» የምትሉም አላችሁ። ማሚቶ የተባለውን ይደግማል እንጂ መልስ አይሰጥም። ምን እንደሆነ አላውቅም። ስለማላውቀው ነገር ሳልፈርድ ስቀር ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰዓት በእህቴ ስልክ ጌሙን ጨረስኩት። እስከ መጨረሻው። ግምገማዬን ለፎዚያ ብቻ ነው የላክሁት፣ ምን እንዳልኩ አልነግራችሁም። ራሳችሁ ቅዘፉ።

አሁን ይህን ስጽፍ መለሰችልኝ። ስለ ግምገማው አንድም ቃል የለበትም።

«እናቴ አሁንም ሐይቁ ዳር ናት። አትጣራም። ቁጭ ብላ ታዳምጣለች» ነው የሚለው።

እና እኔ ሰውዬው፣ ራሴን ገምጋሚ ብዬ የሾምኩት፣ ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ጥያቄ እያላመጥኩ ነው። እናንተ ታውቁ እንደሆነ ንገሩኝ፦

ሰው አንድን ነገር «ሰምቼዋለሁ» ለማለት ስንት ደቂቃ ዝም ማለት አለበት?