ሼፉና የሰሊማ አውራ ጣት

ኦስሎ ውስጥ አለቃውን፣ እዚህ እንደሚባለው ሼፉን፣ በአካል የሚያውቅ የስልክ አስተርጓሚ ካለ የታደለ ነው። የዘንድሮ ሼፍ የሚኖረው በሠራተኛው ኪስ ውስጥ ነው። ስትበላም ጢን፣ ስትሰግድም ጢን።

የሰሊማ ሼፍ ክቡርነታቸው ሂሻም ይባላሉ። ወላጆቻቸው ወሎዬ፣ እሳቸው የኦስሎው ሮመን ሰፈር ተወላጅ፣ ዕድሜያቸው ከሰሊማ የበኩር ልጅ የማይበልጥ። በየቤቱ የተበተነውን ቡድናቸውን የሚያስተዳድሩት መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው በከፈተው ፌስቡክ መሰል ገጽ ነው። ጠዋት «ሄይ ቡድኔ!» ብለው የፀሐይ ሥዕል ይለጥፋሉ፤ ከሰዓት የምሳቸውን ፎቶ። በግል እናውራ ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ገጹ ላይ ጻፈው፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን።» ቤተሰቡ አይቶ ዝም ይላል። ሰሊማ ብቻ፣ ሰው ተናግሮ ዝም ማለት ነውር ነው ብላ፣ ከእያንዳንዱ ሥር የአውራ ጣት ምልክት ታስቀምጣለች። እሺ፣ ሰምቻለሁ ማለቷ ነው።

በዚህ መሀል እዚያው ኦስሎ፣ ግሮንላንድ ሰፈር ያለችው ቢሮ ተዘጋች። ቢሮ መባሏ ነው እንጂ አንዲት ክፍልና የሻይ ማፍያ ነበረች። ሰሊማ ሰው የምታየው ግን እዚያ ብቻ ነበር። አሁን ሃውገንስቱዋ ሰፈር ቤቷ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ የማታውቀውን ሰው በሽታና ፍቺ ታስተረጉማለች፤ ስልኩ ሲዘጋ የሚያናግራት የለም። ብቸኝነቱ ሊገድላት ደረሰ። በመጨረሻ ገጹ ላይ በአማርኛ፣ በላቲን ፊደል ጻፈች፤ ቁልፉ ካለ እዚያው ቢሮ መጥቼ ልሥራ? ሂሻምም በዚያው በላቲን ፊደል፣ ከልብ ሥዕል ጋር መለሱላት፤ «ነይ»።

ሳምቡሳ ጠብሳ፣ አዲስ ሒጃቧን ለብሳ ሄደች። በሩ ተቆልፏል። ደወለችላቸው።

«ነይ አልኩሽ እኮ» አለ ሂሻም።

«ነይ ስላልከኝ ነው የመጣሁት።»

ያኔ ገባት። «ነይ» በኖርዌይኛ አይሆንም ነው፤ ልጁ እሱን ማለቱ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስታስተረጉም የኖረች ሴት! ልብ ሲጠማ የሚተረጉመው የፈለገውን ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ስልኩንም አልዘጋችውም ነበር።

ሂሻም በባቡር መጣ። ክቡርነታቸው በአካል ሲታዩ የጫማቸው ማሰሪያ የተፈታ ከሲታ ልጅ ናቸው። እንደ ቆመ ሳምቡሳውን አከታትሎ ዋጠው። ቢሮዬን ማን ዘጋብኝ ብላ ጠየቀችው።

«ይዘጋ ወይ ብዬ ገጹ ላይ ጠየቅኩ» አለ። «አንቺ ብቻ አውራ ጣት ሰጠሽኝ፤ ሌላው ዝም አለ። ሁልጊዜም አንቺ ብቻ ነሽ የምትመልሽልኝ።»

የቢሮዋን በር በገዛ ጣቷ ዘግታው ኖሯል። ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ከዚያ ይህ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ መልስ የማይሰጠውን ሰው ሲጣራ እንደሚውል አሰበችና ተወችው። ቢሮው እንደሆነ ላይመለስ ሄዷል።

«በል ቁጭ ብለህ ብላ፣ ልጄ» አለችው።