እትዬ ዘሃራ የጻፉት ሁለት

ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ብነግራችሁ ገጼን ጥላችሁ ትሄዳላችሁ። ግን ካልተናገርኩ መቀመጥ አልቻልኩም። ይኸው ቆሜ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ዳታ ነው። ሰንጋ ተራ ባለው ቢሯችን፣ ቤት ለቤት የተሞሉ የጥናት ቅጾች ኮምፒውተር ውስጥ ይገባሉ። እያንዳንዱን ቅጽ ሁለት ሰው ለየብቻ ይጽፈዋል፤ ከዚያ እኔ ሁለቱን ፋይል አመሳክራለሁ። ከተለያዩ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

የማመሳክርበት ፕሮግራም ስሙ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው፣ ከኪው ቀጥላ የምትመጣዋ። በአማርኛ አልጽፍላችሁም፣ እማዬ ታነበኛለች።

ጸሐፊዎቹ ሰላምና እትዬ ዘሃራ ናቸው። ሰላም እኩያዬ ናት። እትዬ ዘሃራ የእናቴ እኩያ ናቸው፤ ኮንትራታቸው በዚህ ወር ያልቃል።

ጠዋት ስብሰባ ልንገባ ስንል ኮምፒውተሩን "አይደንቲካል" በምትለው ትዕዛዝ ጠየቅኩት። ሁለቱ ፋይሎች አንድ ናቸው?

ፎልስ! አይደሉም ማለቱ ነው።

ዕድሜ? ፎልስ። የቤተሰብ ብዛት? ፎልስ። ቁጥር ያለበት ዓምድ ሁሉ ፎልስ።

ታዲያ ፋይሉን ከፍቼ በዓይኔ አየሁ? የት አባቴ! ስብሰባ መሃል ተነስቼ "የእትዬ ዘሃራ ፋይል አያስተማምንም" አልኩ። ለምን የሳቸው? ሰላም ወጣት ናታ።

እትዬ ዘሃራ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ቅጹ ላይ ሁለት ካለ ሁለት ብዬ ነው የጻፍኩት። ወላሂ ሁለት ነው።"

"ኮምፒውተር አይዋሽም፣ እትዬ" አልኳቸው። አፌን በቆረጠው።

አለቃችን "ከመጀመሪያው ይጻፉት፤ የኮንትራቱን ነገር በኋላ እናያለን" አለ።

ከሰዓት ስህተታቸውን ላሳያቸው አንድ የተለየ ቁጥር ፈለግኩ። አንድ! ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ። የለም።

ለካ ሁለቱን ፋይል በተለያየ መንገድ የከፈትኩት እኔው ነኝ። በዚያ ሰበብ የሰላም ሁለት ሙሉ ቁጥር ተብሎ፣ የሳቸው ሁለት ነጥብ ሊከተለው የሚችል ቁጥር ተብሎ ተቀምጧል። "አይደንቲካል" ደግሞ አቀማመጡንም ያያል። "ዋጋቸውስ እኩል ነው?" ብዬ ስጠይቀው ከላይ እስከ ታች "ትሩ" አለኝ፤ አዎ፣ እኩል ናቸው።

እትዬ ዘሃራ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው እንደ አዲስ እየጻፉ ነበር። እዚያው መናገር አፈርኩ።

ሁለታችንም ልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ ነን። ቀድሜ ወጥቼ ደረጃው ሥር ጠበቅኳቸው። ሰው አልነበረም። ሁሉን ነገርኳቸው፣ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ግድግዳውን ደገፍ ብለው ሰሙኝ። "ስትወቅሰኝ አሥራ ሁለት ሰው ይሰማ ነበር። ይቅርታው ደረጃ ሥር፣ ለብቻዬ። ይኼስ እኩል ነው?" አሉና ወደ ቤታቸው ወጡ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነት ነው።

ስለዚህ የቢሮ ልጆች፣ እንደምታነቡኝ አውቃለሁ፦ እትዬ ዘሃራ አንድም ቦታ አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዳችሁ እዚህ አላችሁ። የቀረው አለቃችን ነው፤ ኮንትራቱን የሚፈርመውም እሱ ነው። እንግዲህ ነገ ስብሰባው ላይ ተነስቼ እስክናገር ድረስ፣ መልሱ አሁንም ፎልስ ነው።