አባ ጨጓሬ ያስለቀሰኝ ለት

እንባ እንደ ቦሌ ታክሲ ነው። ቸኩለህ ስትጠብቀው አይመጣም፤ ሳትፈልገው ደግሞ ተከታትሎ እግርህ ሥር ይቆማል። አንዳንዱ ሰው ገና ድንኳኑን ከሩቅ ሲያይ ይወርድለታል፤ «እንኳን እናቴ ሞታ እንዲያውም አልቅስ አልቅስ ይለኛል» የተባለው ለእሱ ነው። እኔን ግን ፈጣሪ ሲሠራኝ ለዓይኔ ውኃ ማድረግ የረሳ ይመስለኛል፤ ይቅር ይበለኝ። ስለ ኃጢአቴ ላልቅስ ብል እንኳ ጉሮሮዬ ይደርቃል እንጂ ዓይኔ አይረጥብም። ምን ላድርግ?

ጉዱ የወጣብኝ ጋሽ ቶሎሳ የሞተ ለት ነው። ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ለበር ጎረቤቴ ነበር። ሕንፃው የቆመው በአባቱ የጤፍ ማሳ ላይ ነው፤ ከዚያ ሁሉ መሬት የተረፈው ግቢው መሐል ያለ አንድ ብሳና ብቻ። ማለዳ ማለዳ ደብሩን ተሳልመን ስንመለስ እዚያ ሥር ቁጭ እንላለን።

ብሳናው ታዲያ ወቅቱ ሲደርስ አባ ጨጓሬ ይፈላበታል። ቶሎሳም ያስተምረኛል፦ «አንተ ታደሰ፣ መላጣው ትል እንዳንተው ነው፣ ጉዳት የለውም፤ እለፈው። ጠጉራሙን ግን በዓይንህ ሰላም በለው እንጂ እንዳትጨብጠው። ቅጠሉ ተበሳስቶ ካየህ እጅህን ሰብስብ፤ ከቅጠሉ ጀርባ ተኮልኩሎ ነው የሚያድረው። እሱ ቢሞት እንኳ ጠጉሩ አይሞትም፣ ነፋስ ይዞት ይዞራል። እዚህ ዛፍ ላይ ልብስ እንዳታሰጣ!»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ቶሎሳ በድንገት ሞተ። ጋቢዬ ያን ለት ታጥቦ እርጥብ ነበር፤ ገመዱን የጎረቤት ብርድ ልብስ ይዞታል። ወዳጅ በእርጥብ ጋቢ ይቀበራል? ብሳናው ላይ ጣል አደረግሁት። ምክሩን ረስተኸው ነው ትሉኝ ይሆናል። አልረሳሁትም፤ መካሪው ሞቶ ምክሩ በሕይወት ያለ አልመሰለኝም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ገብተን ተቀመጥን። ሁሉም ያለቅሳል፣ የኔ ዓይን ደረቅ። ሚስቱ ጫልቱ ፊት ለፊቴ ናት። እህቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ ግን እኔም እንድሰማ አድርጋ፣ «ወዳጁ የተባለው ይሄ ነው? ድንጋይ እንኳ በክረምት ይረጥባል» አለች። ጫልቱ ቀና ብላ አየችኝ። ያ ማየቷ ነው የገደለኝ። በዚህች ሴት ፊት ቶሎሳን እንዳልወደድኩት ሆኜ ልቆጠር? ጌታ ሆይ፣ አንዲት ዘለላ ብቻ ብዬ ለመንኩ። ከሐፍረቴም ፊቴን በጋቢዬ ሸፍኜ ዓይኔን ጠረግሁ።

ጸሎቴ ተሰማ። እንዴት ያለ መሰማት! አንገቴ ነደደ፣ ጉንጬ ነደደ፣ ክንዴ ነደደ፣ ዓይኔ ምንጭ ሆነ። እህትየዋ «አይ ሰው! ለካ በሆዱ ይዞት ነው» ብላ ደረቷን መታች። ጫልቱ ተነሥታ መጥታ እጄን ያዘች። «አይዞህ ወንድሜ፣ እሱም ይወድህ ነበር» አለችኝ። እንዲህ ብላኝ ሳለ፣ ኧረ አባ ጨጓሬ ነው ልበላት? ልጆች ሳለን ሲነድፈን የተነደፍንበትን በጠጉራችን እናሸው ነበር። እሱ ትዝ ሲለኝ ክንዴን አናቴ ላይ አሸው ጀመር፤ አናቴ ግን መስታወት ነው። ለቀስተኛው በኀዘን ራሴን የምመታ መስሎት ሁለት ጎረምሶች ጥፍንግ አድርገው ያዙኝ።

ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ነርስ፣ ሲስተር ሄለን፣ ጠጋ ብላ አንገቴን አየች። «ጋሼ፣ አይከኩት! አይሹት! አባ ጨጓሬ ነው እኮ!» ድንኳኑ ሁሉ ሰማ። ልጅቷ ድምፅ ዝቅ ማድረግ አልተማረችም። ፕላስተር አንገቴ ላይ እየለጠፈች እየላጠች ጠጉሩን ነቀለችልኝ፤ ዓይኔን በብዙ ውኃ አጠበችኝ፤ ጋቢዬን በእንጨት አስነሥታ አስዘፈዘፈችው። ጫልቱ እጄን ለቀቀች። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል አፈነ።

ሰልስቱ ወጣ፣ ድንኳኑም ፈረሰ። በማግስቱ ደብሩን ብቻዬን ተሳልሜ መጣሁ። እንደ ልማዴ ብሳናው ሥር ቁጭ አልኩ፤ እንደ ልማዴም ለቶሎሳ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁ።

የሚቀመጥበት ሰው የለም።

ያኔ እንባዬ መጣ። ማንም ሳይጠራው፣ ጋቢም ሳይነካኝ፣ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ አለቀስኩ። ቀና ስል ጫልቱ በመስኮቷ ታየኛለች። ተመስገን፣ አሁንስ አየችልኝ አልኩ በልቤ።

እሷም አንገቷን አውጥታ ወደ ላይኛው ፎቅ ተጣራች፦ «አንቺ ሄለን! ፕላስተርሽን ይዘሽ ቶሎ ውረጂ፤ ይሄ ሰውዬ ዛሬም ተነድፏል!»