ክብሪት የማይፈልገው ደመራ

[ቡታጅራ፣ የደመራ ዕለት ከሰዓት በኋላ። ዘመድኩን ወልቂጤ ሞባይል ይጠግናል፤ ስልክ በከፈተ ቁጥር የዓለም ምስጢር የተከፈተለት ይመስለዋል። ጓደኛው ሰይፉ ደግሞ ነገር ቶሎ አይገባውም እየተባለ ይታማል። ዘመድኩን የሰይፉን እህት ናዝሬትን ሊያገባ አስቧል፤ ዛሬ ማታ አባቷን አቶ ሀብተጊዮርጊስን ማስደመም አለበት። ሁለቱ ከነሰይፉ ጓሮ፣ እንሰቱ አጠገብ ቆመው፣ ዘመድኩን ለደመራው ስላመጣው ዱቄት ይጨቃጨቃሉ።]

ዘመድኩን፦ ስንቴ ልንገርህ? ዱቄቱ ራሱ አይነድም! ሌላውን ነው የሚያነደው።

ሰይፉ፦ እንግዲያ ነገረኛ ነዋ።

ዘመድኩን፦ ኬሚካል ነው እንጂ! ኦክሲጅን ይመግባል። ነዳጅ በለው፣ ዘይት በለው፣ የሰባ ነገር ካገኘ ያለ ክብሪት ቦግ ያደርገዋል።

ሰይፉ፦ ክብሪት ጠፋ እንዴ?

ዘመድኩን፦ [ጭንቅላቱን ይዞ] ኧረ በመስቀሉ! ማታ አባትህ ደመራውን ሊለኩሱ ጎንበስ ሲሉ፣ ቦግ! አገር ጉድ ይላል። “ይሄ የማን ልጅ ነው?” ይላሉ። ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌ ስልክ እሺ ከማለት በቀር ምን ይላሉ?

ሰይፉ፦ ጎንበስ እንዳሉ ነው ቦግ የሚለው?

ዘመድኩን፦ እንዴታ!

ሰይፉ፦ ጺማቸውስ?

ዘመድኩን፦ [ትንሽ አስቦ] ወደ ኋላ ይላሉዋ።

ሰይፉ፦ በዚያ ጉልበታቸው? ከበርጩማ ለመነሳት እንኳ እኔን ነው የሚጠሩት።

ዘመድኩን፦ ጥያቄ አታብዛ! ትናንት የሰጠሁህን ዱቄት አምጣ።

ሰይፉ፦ ደህና ቦታ ነው። “ውሃ እንዳይነካው፣ ደረቅ ቦታ አድርገው” አላልከኝም? ከቤታችን ደረቅ ቦታ ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ነው።

ዘመድኩን፦ ከምድጃው... በላይ?

ሰይፉ፦ አይዞህ፣ ብቻውን አይደለም። እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ውጆ የሚሉትን የቅቤ ዕቁብ ገብታ፣ ተራዋ ሲደርስ እያጠራቀመች ያኖረችው የመስቀል ቅቤ አለ፤ እሱ አጠገብ ነው። ወረቀቱ ስለተቀደደ በኮባ ጠቀለልኩት።

ዘመድኩን፦ በየትኛው ኮባ?

ሰይፉ፦ ቅቤው ተጠቅልሎበት በነበረው።

ዘመድኩን፦ ወይኔ ልጁ! ሩጥ፣ አውጣው!

ሰይፉ፦ እኔ ምን አውቄ? አዋቂው አንተ።

ዘመድኩን፦ እኔማ... ቆጥ መውጣት ያዞረኛል።

ሰይፉ፦ እንግዲያ ይቀመጥ። ምን ይሆናል?

ዘመድኩን፦ ምን ይሆናል?! ቤቱ! እናትህ! ቅቤው! አባትህ ቤታቸውን ላነደደባቸው ሰው ልጃቸውን ሊሰጡ ነው?

ሰይፉ፦ ቆይ፣ ቦግ ካለ በኋላ ምንድን ነው የሚመጣው?

ዘመድኩን፦ እኔ ምን አውቃለሁ!

ሰይፉ፦ የዱቄቱን ሥራ በቪዲዮ አይቼዋለሁ አላልክም?

ዘመድኩን፦ ግማሹን! ሰውዬው ሊቀላቅል እጁን ሲዘረጋ ዳታዬ አለቀ!

[ከቤት ውስጥ የድስት ክዳን ወድቆ ይንቋቋል። ዘመድኩን የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ብድግ አድርጎ ራሱ ላይ ደፍቶ እንሰቱ ሥር በደረቱ ይዘረጋል።]

ዘመድኩን፦ [ከሳፋው ሥር] ናዝሬትን አስወጣት! ሰይፉ፣ በናትህ እሷን አስወጣት! እኔ አዋቂ አይደለሁም፣ ምንም አላውቅም፤ እሷን መውደዴን ብቻ ነው የማውቀው!

ሰይፉ፦ ተነስ፣ ክዳን ነው የወደቀው። ዱቄቱ እዚህ የለም።

ዘመድኩን፦ የለም?

ሰይፉ፦ ጠዋት ናዝሬት አየችው። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ብላ ይዛኝ ፋርማሲ ሄደች። ባለሙያዋ “ቅቤ ካለበት ቤት?” ብላ ጮኸችብን፤ ተቀብላን ቆለፈችበት።

ዘመድኩን፦ ቆጡ ላይስ ምን አለ?

ሰይፉ፦ ቅቤ።

ዘመድኩን፦ [አሁንም ሳፋውን ሳያነሳ] ታዲያ ምን አድርጌህ ነው ነፍሴን የምታወጣው?

ሰይፉ፦ እኔ ምን ቤት ነኝ? ናዝሬት ናት። “እንዳልገባው ሆነህ ጠይቀው፤ ሲጨንቀው ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ልየው” አለችኝ።

ዘመድኩን፦ ልየው? ከየት ሆና?

ሰይፉ፦ ቀና በልና መስኮቱን እይ። ያንተ ቪዲዮ ግማሽ ላይ ነው የቆመው፤ እሷ ግን ሙሉውን ቀርጻዋለች።