ቁርጭምጭሚቴን የያዘው እጅ

ትናንት እንቅልፍ እንደጣለኝ አገሩን ሁሉ በአናቱ ቆሞ አገኘሁት። ሰው እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ በክንዱ እየተንፏቀቀ ወደ ሥራው ይሄዳል። ወዳጅ ከወዳጁ ሲገናኝ በተረከዝ ይሳሳማል። አንድ ሽማግሌ ሊስትሮ መንገድ ዳር ተዘቅዝቀው የአላፊ አግዳሚውን ግንባር በቀለም ይወለውላሉ። በእግሩ የቆመ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አፈርኩልህ!» አሉኝ ሽማግሌው። «ይህን ያህል ጎረምሳ በጠራራ ፀሐይ በእግሩ ይቆማል?»

«አባባ፣ ሆስፒታሉ በየት በኩል ነው? ወንድሜ ተኝቶብኛል።»

«እሱስ ቀጥታ ነው። እንዲህ ሆነህ ግን ማን ያስገባሃል!»

ወንድሜ ስንሻው ታላቄም አሳዳጊዬም ነው። ዮጋ ከስልኩ ላይ አይቶ ተምሮ፣ በአናት መቆምን ያስተማረኝ እሱ ነው። ጋቢ አጥፎ ከግድግዳው ሥር ያነጥፍልኛል። ከዚያ ቁርጭምጭሚቴን ይይዝና፣ «አንገትህ ላይ አትጫን፣ በክንድህ ተሸከም። ተወርውረህ አትነሣ፤ ቀስ!» ይለኛል። ታሞ ወደ ትልቁ ከተማ ሊወስዱት መኪና ውስጥ ሲያስገቡት እንኳ፣ «ቢያድግልኝ፣ እኔ ሳልይዝህ ብቻህን እንዳትገለበጥ። አንገት ቀልድ አያውቅም» አለኝ። ማልኩለት።

ሆስፒታሉ ደጅ ደረስኩ። ዘበኛው በአናቱ ቆሞ ዱላውን በእግሩ ጣቶች ይዟል።

«ወዴት ወዴት!»

«ወንድሜን ልጠይቅ ነው።»

«ተገልበጥና ግባ።»

«የሚይዘኝ ሰው የለም እኮ።»

«ዕቃ ነህ እንዴ የምትያዘው?» ብሎ ሳቀብኝ።

በአጥሩ ሽንቁር አጮለቅሁ። ሐኪሞቹ አልጋ ላይ ተኝተው ያቃስታሉ። ሕሙማኑ ነጭ ጋውን ለብሰው በአናታቸው እየዞሩ፣ «አይዞህ ዶክተር፣ ትድናለህ» ይሏቸዋል። ሌሎቹ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው ጤነኛ ሊጠይቁ ይወጣሉ። ከሚወጡት መካከል ስንሻውን ፈለግሁት፤ አጣሁት።

ጋቢዬን አጥፌ ከግንቡ ሥር አነጠፍኩ። ጣቶቼን ቆላልፌ ክንዶቼን መሬት አስያዝኩ፣ አናቴንም በመካከላቸው አኖርኩ። እግሬን ላነሣ ስል ግን መሐላዬ ታወሰኝና ተንበርክኬ ቀረሁ።

«ስንሻው!» ብዬ ተጣራሁ።

ያኔ አንድ እጅ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። ወዲያው ዐወቅሁት። እንደዚያ ቀዝቅዞ ግን አያውቅም።

«ቀስ» አለኝ። «ክንድህን አጽና።»

እግሬ ወደ ላይ ወጣ። ዓለም ተስተካከለች፤ ዘበኛውም ሽማግሌውም ቀጥ ብለው ቆመው ታዩኝ። ስንሻው ግን ከኋላዬ ስለነበር ላየው አልቻልኩም።

«አሞህ አልነበር እንዴ?»

«አሁን ምንም አያመኝም። ስማ፣ ልለቅህ ነው።»

«ተው እንጂ! ትንሽ ብቻ ያዘኝ!»

«ከለቀቅኩህ እኮ ቆየሁ፣ አንተ ጅል። ቆመህ የለም እንዴ?»

እውነትም ቁርጭምጭሚቴ ላይ ምንም አልነበረም። ድምፁ ብቻ እየራቀ መጣ።

«ስትወርድም ቀስ ብለህ ነው። ቶሎ አትነሣ። ግንባርህን መሬት ላይ አሳርፈህ ቆይ...»

በር ተንኳኳ። ነቃሁ።

ገና ጎህ መቅደዱ ነበር። ስከፍት አከራያችን እትዬ ዘርትሁን ከሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ደጁን ሞልተውታል። ሁሉም በእግራቸው ነው የቆሙት፤ እንቅልፉ አልለቀቀኝም መሰል በዚህ ደስ አለኝ። «እንዴት አደራችሁ?» አልኩ። ዓይኔ በእትዬ ዘርትሁን ነጠላ ላይ ዐረፈ። ጥለቱ አንገታቸው ሥር ነው። ዘቅዝቀው ነው የለበሱት፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው።

«ያዙት፣ ያዙት!» አለ አንዱ ከኋላ።

ብዙ እጅ ክንዴንና ትከሻዬን ያዘኝ። እኔ ግን ቀስ ብዬ ወረድኩ። ግንባሬን መሬት ላይ አሳርፌ ቆየሁ።